የገረጡ እግሮች

ደገፉ ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ መውጫ ባለው የዶሮ ቤቱ ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ ሞቶ ተገኘ። የሥጋ ዶሮዎቹ ደረቱ ላይ ይመላለሳሉ፤ አንዱም የሸሚዙን ቁልፍ ይጎነትላል። ለዶሮ ጌታዋ ሞተ አልሞተ ያው ነው።

ኢንስፔክተር ፀደንያ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም ሚልክያስ በለቀስተኛው ፊት «እራቱን መርዛ ገደለችው» ብሎ የወንድሙን ሚስት አዛለችን ከሷል፤ ሴቶቹም ከአጠገቧ ተነስተው ርቀዋል። የእራቱ ትራፊ ለምርመራ ተቋጥሯል። አዛለች ዛሬውኑ ልትታሰር፣ ግቢውም በሚልክያስ እጅ ሊገባ ነው። ፀደንያ ግን የሟቹ ከንፈርና ጥፍር እንደ ህያው ሰው መቅላቱን ስታይ፣ የትራፊው ምርመራ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑ ገባት።

አዛለች ማታ ከባሏ ጋር መጣላታቸውን አልደበቀችም። ተኮራርፈው ስለነበር ሳይመጣ ሲቀር አልፈለገችውም።

መኖ ሻጩ እስራኤልም ቂም ነበረው። ደገፉ የእሱን የማወፈሪያ ዱቄት ትቶ ቢጫ በቆሎውን ወላይታ ሀላኮ ከሚለው ከሽፈራው ዛፍ ቅጠል ጋር መፍጨት ከጀመረ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዞበታል።

«ቅጠል ዶሮ አያሳድግም ብዬው ነበር» አለ። «እሱ ግን አሳደገበት። እግራቸው ሳይቀር እንደ ሙዝ ቢጫ ሆነ።»

«አንተስ ዶሮ ታረባለህ?»

«እኔ? ሽታቸውን አልችልም።»

ሚልክያስ ከአጥር ማዶ ያረባል። ጫጩቶቹን ከወንድሙ ጋር በአንድ ቀን ነው የገዙት። የሚሰጣቸው የስንዴ ፍርሽካና ነጭ በቆሎ ብቻ መሆኑን ሲናገር ትንሽ ኮራ አለ፤ ቅጠል ማብላት የፈለገ በግ ያርባ ነው የሚለው።

ፀደንያ ወደ ዶሮ ቤቱ ተመልሳ አንዱን ዶሮ በእግሩ አንጠለጠለችው። ከዚያም ፖሊሶቿን አካፋ አስይዛ ወደ ማዶ ላከች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ አቆመቻቸው።

«ደገፉን የገደለው የከሰል ጭስ ነው» አለች። «ከንፈሩ የቀላው ለዚያ ነው። ነገር ግን ያ ጭስ ከሰው በፊት ዶሮ ይጨርሳል። እነዚህ ግን አልሞቱም። ታዲያ እግራቸውን እዩት።»

እስራኤል ጎንበስ ብሎ አየ። «ገርጥቷል። እነዚህ የደገፉ አይደሉም።»

«አይደሉም። የእሱ ዶሮዎች ሞተው በእነዚህ ተለውጠዋል። ዶሮና ሰው አብረው ቢሞቱ ድንገተኛ አደጋ ይባላል፤ ግቢው ለሚስቱ ይቀራል። ሰው ብቻውን ሲሞት ግን እራቱ ይጠረጠራል። በዚያው ዕድሜ እግሩ የገረጣ ዶሮ ያለው ማነው?» ወደ ሚልክያስ ዞረች። «ከእንሰትህ ስር የቀበርካቸውን አውጥተናል። እግራቸው ቢጫ ነው፤ ሆዳቸው ሲቀደድ ቅጠሉ እንኳ ገና አልተፈጨም።»

ሚልክያስ አልካደም። ዶሮ ቤቱን በሚያሞቀው ማንደጃ ላይ ጥሬ ከሰል ከምሮ፣ የመስኮቱን ላስቲክ አውርዶ፣ ወንድሙ ሲገባ በሩን ከውጭ ቀርቅሮበታል። እጁ ሲታሰር አዛለች ቀረበችው።

«በሩን አልመታም?» አለችው።

«መታ እንጂ። ስትጣሉ ‹ከዶሮዎችህ ጋር እደር› ስትዪው ሰምቼ ነበር። አንቺ የዘጋሽበት መሰለው። ‹አዛለች፣ በቃኝ፣ ክፈቺልኝ› እያለ ነው የሞተው።»

«አንተስ ዝም አልከው?»

«ምን ብዬ ልመልስ? አንቺን እኮ ነው የጠራው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ሴቶቹ ወደ አዛለች ተመልሰው መጥተው «እንኳን እውነቱ ወጣልሽ» አሏት።