በፊታቸው የተደፉ ወረቀቶች

ረቡዕ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ የወረቀት ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው። ከወደቀ የብረት መደርደሪያና ከተቆለለ ካርቶን ሥር ብቅ ያለ፣ ማሰሪያው በወጉ የታሰረ የሽማግሌ ጫማ። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። ከኮምፒውተር ኳኳታ በቀር ድምፅ የማይሰማበት ያ ጭር ያለ ቢሮ ባንድ ጊዜ ተተራመሰ።

ሟቹ «ጋሽ ድገመው» ነበሩ። አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ ቢወጡ ቤት መዋል አልሆንላቸው አለና፣ በዚህ የትምህርት ጥናት ቢሮ ቅጽ አጣሪ ሆነው ገቡ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ልጅ ሲሳሳት መቆጣት አያውቁም፤ «ድገመው» ነው የሚሉት፣ ልጁም ይደግመዋል።

የቢሮው ሥራ በየትኛው ትምህርት ቤት ልጆች ማንበብ እንደሚችሉ፣ በየትኛው እንደማይችሉ፣ ለምንስ እንደማይችሉ ማወቅ ነው። ከየትምህርት ቤቱ አርባ ልጅ በዕጣ ይመረጣል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፣ የሳተው ቃል ቅጹ ላይ ይሰረዛል። ዓርብ ከሰዓት የቢሮው ኃላፊ አንድ ዝርዝር ሊፈርሙ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ትምህርት ቤት ተጨማሪ አስተማሪና መጽሐፍ ያገኛል። ያልገባው አምስት ዓመት እንዳለ ይቀራል።

ምርመራው የተሰጠው ጣቢያው ውስጥ «እትዬ ለምን» ለምትባለው ኢንስፔክተር ነው። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር አናጺውን የምትረግም ሴት ናት። «ለምን?» ማለት ግን አይሰለቻትም፤ አለቆቿ ናቸው የተሰላቹት።

«አደጋ ነው» አሏት ሁሉም ባንድ አፍ። መደርደሪያው አሮጌ፣ ጋሼም አሮጌ፣ ምኑ ይጠየቃል?

እሷ እያቃሰተች ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከጋሼ ራስ ሥር የፈሰሰው ደም ደርቋል፤ ደሙ ላይ አራት ካርቶን ወድቋል። አንዱን አነሳችና ሥሩን አየች። ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም ንጹሕ።

«ለምን?» አለች።

«ምኑ?» አለ ሬሳውን የሚያየው ሐኪም።

«ካርቶን እርጥብ ደም ላይ ቢወድቅ አይነካካም? እነዚህ የወደቁት ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። መደርደሪያው አልገደላቸውም፤ ሰው ነው ኋላ የጣለባቸው።»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደ ኋላ ወድቀው የመደርደሪያው ጠርዝ ነው የመታቸው። ወዲያው አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት ያህል እስትንፋስ ነበራቸው።»

ግማሽ ሰዓት! ያን ሁሉ ጊዜ ሰው አጠገባቸው ነበረ ማለት ነው፤ ስልክ የያዘ፣ እግር ያለው ሰው።

እዚያው ክፍል ያለው የጋሼ ጠረጴዛ ላይ ገበያው አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ቅጾች ተቀምጠዋል። በግራ ሃያ ዘጠኝ፣ ገና ያልታዩ ይመስላሉ። በቀኝ አሥራ አንድ፣ የታዩ ይመስላሉ፤ እነዚህ በፊታቸው ተደፍተዋል። የጋሼ ቀይ እርሳስ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ቅጾቹ ላይ አንድም ቀይ ምልክት የለም።

ጥበቃው ደረቱን ነፍቶ መጣ። ማክሰኞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከጋሼ ሌላ የቆዩት ሦስት ናቸው አለ፦ ዶክተሩ፣ የመረጃ ባለሙያዋና «ባለሰዓቱ» የሚሉት የመስክ ሰው።

«ሲወጡ ፈትሸሃል?»

«እንዴታ! የልጅ ስም ያለበት ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም። ዶክተሩንም ቢሆን ኪሳቸውን ነው የምዳብሰው። ማክሰኞ ቁራጭ ወረቀት አልወጣም።»

የቢሮው ኃላፊ ዶክተሩ ከሬሳው ይልቅ ዓርብ ያስጨነቃቸው ይመስሉ ነበር።

«ከጋሼ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻቸው።

«ተጣላን አይባልም። የወንዝ ማዶው ትምህርት ቤት ውጤት ሐሰት ነውና ዝርዝሩን አይፈርሙ አሉኝ። ሴት ልጃቸው እኮ ናት እዚያ የምታስተምረው! አባት ናቸው፣ ለልጃቸው ቢያደሉ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት።»

«ውጤቱ ምን ይላል?»

«ጥሩ ነው። ጥሩ ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

አንድ ቅጽ ሰጠቻቸውና መጨረሻ ላይ የተሰመረችው ቅንፍ ምን እንደሆነች ጠየቀቻቸው። ቅጹን አገላብጠው አዩና ፊታቸው ቀላ። «እኔ የምሠራው በሠንጠረዡ ነው፣ ኢንስፔክተር። ቅጽ ከነካሁ ስንት ዘመኔ!»

የመረጃ ባለሙያዋ ለቅሶ ዓይኗን አሳብጦታል። ከመስክ የመጡትን ቅጾች ኮምፒውተር ውስጥ የምታስገባው እሷ ናት። ያስገባቻቸውን አንድ በአንድ መያዣ ውስጥ በጎናቸው ታቆማቸዋለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት መያዣ ሙሉ ቆሟል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ሰኞ ዝም ብል ኖሮ ጋሼ ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»

«ምን ብለሻቸው ነው?»

«ወንዝ ማዶ ዜሮ የለም አልኳቸው። ልጁ ከመጀመሪያው መስመር አንድ ቃል እንኳ ካላነበበ ፈታኙ አመስግኖት ሰዓቱን ያቆማል፤ ልጁ እንዳይሸማቀቅ። ያ ዜሮ ነው። ስልሳ ሁለት ትምህርት ቤት አስገብቻለሁ፤ መሐል ከተማ ያለው እንኳ ዜሮ አለው። ወንዝ ማዶ አንድም የለ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ወዲያው ካርቶኑን ከፍተው አርባውን ቅጽ ወሰዱ።»

የወንዝ ማዶው ካርቶን እውነትም ባዶ ነው። ቅጾቹን ግን ውሃ በላቸው።

ከሰዓት በኋላ የጋሼ ልጅ መጣች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች። ለቅሶዋን መንገድ ላይ ጨርሳው ነው መሰል፣ ድምፅዋ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«በፈተናው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር። ታምሜ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፤ ፈቃድ ወስዶ ያስታመመኝ አባዬ ነው። እኔ ከሌለሁ የሚከፍተው የለም፤ ለዘጠና አራት ልጅ አስተማሪው እኔ ብቻ ነኝ።»

ጋሼ ቅጾቹ ላይ የተጻፈውን ቀን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው እትዬ ለምን ገባት።

«አባትሽ ያዩትን ወረቀት እንዴት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ። ልጅ ስህተቱን አይቶ ይሳቅበት እንጂ ለምን ይደበቅበታል ይላል። ያየው ላይ በቀይ ነጥብ ያደርጋል…» ልጅቷ አፏን ያዘች። «ያደርግ ነበር።»

የመጨረሻው ባለሰዓቱ ነው። የመስክ ቡድን መሪ ነው፤ የሩጫ ሰዓት ካንገቱ አይለይም፤ የሄደበት መንደር ሁሉ ልጆች ይከቡታል። ማንበብ ያስተማሩት ጋሽ ድገመው ናቸው። እትዬ ለምን ገና ስታየው ወደደችው፤ ለምርመራ ደግሞ ይሄ ደግ አይደለም።

«ወንዝ ማዶ ሄደሃል?»

«ብቻዬን ነው የሄድኩት። ዝግ ሆኖ ስላገኘሁት አርባውን ቅጽ ባዶውን መለስኩ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ማን እንደፈጠረው… እኔ ማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም።»

ቀስሯል እንጂ! ከመረጃ ባለሙያዋ ሌላ ማን ቀረ? የተሞላ ቅጽ ካልተገኘ ቃሉ ከቃሏ ጋር እኩል ነው።

«እስቲ እኔን ፈትነኝ» አለችው።

ባለሰዓቱ ፈገግ ብሎ የንባቡን ወረቀት ሰጣት፣ ሰዓቱን ተጫነ። ድምፁ ያባብላል፦ «ጎበዝ… ቀስ ብለው፣ ማንም አያባርርዎትም።» ደቂቃዋ ሲያልቅ ያቆመችበት ላይ ቅንፍ አደረገ፣ አመሰገናት፣ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እትዬ ለምን ቅጹን አየችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ ብቻዋን ወረቀት ክፍል ገብታ አንድ ካርቶን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። የዚያን ቀን እራት አልበላችም።

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጥበቃው ሳይቀር ቆብ አውልቆ በሩ ሥር ቆመ። መጀመሪያ የካርቶኖቹን ነገር ነገረቻቸው። ጋሼ ወድቀው ግማሽ ሰዓት ሲያጣጥሩ ሰው አጠገባቸው እንደነበረ ስትናገር ዶክተሩ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ያ ሰው ከመደርደሪያው በፊት ሌላ ሥራ ሠርቷል» አለች። «ጋሼ ይዘውት የነበረውን የወንዝ ማዶ ቅጽ አንስቶ በምትኩ የገበያውን ትምህርት ቤት ቅጽ አስቀመጠ። የተጀመረ ሥራ እንዲመስል አሥራ አንዱን ለየ። ግን ቀይ ነጥብ የለባቸውም፣ ደግሞም በፊታቸው ደፋቸው። ጋሼ ወረቀት አይደፉም፤ ልጃቸው ትመስክር። ዶክተር፣ እርስዎ ቅጽ አይነኩም። አንቺ የጨረስሽውን በጎኑ ታቆሚዋለሽ። የጨረሰውን የሚደፋ ማን ነው?»

ከዚያ ወደ ባለሰዓቱ ዞረች።

«ፈታኝ ነው። ለምን? ልጁ የተሰረዘበትን ቃል አይቶ እንዳይደነግጥ። ትናንት እኔን ፈትነህ ስትጨርስ ቅጼን ደፋኸው። እጅህ ለምዶ ነው፤ አንተ ልብም አላልከው።»

ባለሰዓቱ ክው አለ። «እትዬ… በዚህ ብቻ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ጥበቃችን ወረቀት አያስወጣም፤ ስለዚህ የወንዝ ማዶው ቅጽ እዚሁ ነው። የገበያው ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ የራሱ ካርቶን ባዶ መሆን አለበት አይደል? አምጪው።»

የመረጃ ባለሙያዋ ካርቶኑን አምጥታ ከፈተችው። ባዶ አይደለም። አርባ ቅጽ አለበት፤ ወንዝ ማዶ ይላል። አሥራ አንዱ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። «እኔ ያስገባሁት ይሄንን ነው» አለች። «ጽሕፈቱም የሱ ነው።»

ባዶ መልሻለሁ ያለው ሰው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እናቴ እያጣጣረች ነበር» አለ። «ሦስት ቀን ፈቃድ ለመንኩ። መርሐ ግብሩ አይነቃነቅም ተባልኩ።» ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። «እና ወንዙን አልተሻገርኩም። እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሞላሁት።»

«ለምን ዜሮ አልሰጠህም?» አለች የመረጃ ባለሙያዋ። ጥያቄው ካፏ አምልጧት ነው።

«አሳዘኑኝ። ያላየኋቸውን ልጆች አሳዘኑኝ! እንዴት ብዬ ዜሮ ልስጥ? ጥሩ ብሰጣቸው ምን ይጎዳቸዋል አልኩ።»

የጋሼ ልጅ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ ምን አሉህ?» አለች እትዬ ለምን።

«አልተቆጡም። ድገመው አሉኝ። ጠዋት አብረን እንነግራቸዋለን፣ ወንዙንም አብሬህ እሻገራለሁ አሉኝ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ወረቀቱን ልቀማ ሳብኩ፣ እሳቸውም ያዙ፣ ገፋሁ…»

«ከዚያስ ግማሽ ሰዓት?»

«እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።»

«ስልክህስ የት ነበር?»

«እጁን ይዘህ?» አለች ልጅቷ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ። «አባቴን እጁን ይዘህ ጠበቅከው?» ከዚያ በኋላ እትዬ ለምን ራሷ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ገዳዩን አገኘችው፣ ደስ ግን አላላትም።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎ ነበር። ዶክተሩ ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሌላ ጉድ አመጡ። «የወንዝ ማዶው ውጤት ይሰረዛል። ችግሩ፣ ውጤት የሌለው ትምህርት ቤት ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ነገ ከሰዓት የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሄዶ ፈትኖ እስከዚያ የሚመለስ ቡድን የለንም።»

«ስለዚህ አባቴ በከንቱ ሞተ?» አለች ልጅቷ። ተነሳች። «እናንተ ካልደረሳችሁ እኛ እንመጣለን።»

ዓርብ ረፋዱ ላይ መጡ። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስተው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ስማቸው በዕጣ የወጣው አርባ ልጆች እስከ ቢሮው ኮሪደር ድረስ ተሰልፈው ደረሱ። የመረጃ ባለሙያዋ አንድ ክፍል ያዘች። ሌላ ፈታኝ ስለጠፋ ዶክተሩ ሁለተኛውን ያዙ፤ ሰዓት አያያዙን እሷ አሳየቻቸው። ያን ቀን ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ ወረቀት ይዞ ዝም ሲል አዩ። ሦስተኛው ልጅ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

የጋሼ ልጅ በሩ ላይ ጆሮዋን ጥላ ቆማለች። አንዲት ሴት ልጅ ሙሉውን ደቂቃ እየተንደረደረች ስታነብ የአስተማሪዋ ፊት በራ። እትዬ ለምን አጠገቧ ነበረች፤ ደስታውንም፣ ወዲያው ተከትሎት የመጣውንም ድንጋጤ አየች። በደንብ ያነበበ ልጅ በበዛ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ከዝርዝሩ ይርቃል።

ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ ተፈረመ። ወንዝ ማዶ ገብቷል፤ ያውም አንደኛ ሆኖ።

«ተሳካልሽ፣ ልጄ» አለቻት እትዬ ለምን፣ እንዲያው የምትለው ጠፍቷት።

«አዎ፣ ተሳካልኝ» አለች ልጅቷ። «ከአርባው ሠላሳ አንዱ አንድም ቃል አላነበቡም፣ እትዬ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

ልጆቹ ደክሟቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። አንዱ ቀና ብሎ «አለፍን ወይ?» አላት። እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ «አለፋችሁ» አለችው፣ ከዚያም ሁሉንም አሰልፋ ጉዞ ጀመረች።