እየገባሁ ነው

ቸሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «እትዬ ስመኝ፣ ይቺን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱልኝ። ሰኞ ጠዋት ለፖሊስ እሰጣታለሁ» አለ።

ስመኝ መነጽሯን አጠለቀች። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና አለች። «ሞሲሳ የተባለው ግለሰብ የባለቤቴን ወንድም ጌዲዮንን ሆን ብሎ ውሃ ውስጥ ከቶ ገድሎታል» ይላል።

ጌዲዮን የሞተው እሑድ ነው፤ ይህ የሆነው ሐሙስ። በፈረንጆች 1996 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነበር። ልጁ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ጥር ላይ ሊያገባ ቀለበት አስሯል፣ በዚያ ላይ ሰርፍ ያደርጋል። የሐበሻ ልጅ ደግሞ ምን ሲያደርግ እንዳትሉ! ሚኒሶታ ባሕር የላትም፣ እውነት ነው። ግን ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ድራይቭ ያደረገ ሰው ሌክ ሱፒሪየርን ያገኛል። ሐይቅ መባሉ ለወጉ ነው እንጂ በመከር ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ቤት ያክላል። ዱሉት ከተማ ጥግ ላይ ረጅም የአሸዋ ዳርቻ አለ፤ ጌዲዮን ቦርዱ ላይ ቆሞ ማዕበል የሚጋልበው እዚያ ነበር። እሑድ ረፋድ ላይ አስከሬኑን እዚያው አወጡት። የዱሉት ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ቸሩ ግን አልዘጋም።

«ማስረጃህ ምንድን ነው?» አለች ስመኝ።

«ገመዱ! ቦርዱን ከእግሩ ጋር የሚያስረው ገመድ አልተበጠሰም፤ በእጅ ተፈትቷል። ማን ፈታው? ደግሞ ዳርቻው ላይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ‹ገባ፣ ገባ› የሚል ጩኸት ሰምተዋል። ይታይዎት እንግዲህ! ‹ግባ!› እያለ ነው እዚያ ማዕበል ውስጥ የከተተው። ከሞሲሳ በቀር አብሮት የሄደ ሰው የለም።»

«ምን አጣላቸው?»

«እጮኛውን ማዕዶትን መጀመሪያ የወደዳት ሞሲሳ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።»

«ባለቤትህ ሂሩትስ ምን ትላለች?»

ቸሩ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ሂሩትማ ምን አፍ አላት! እህቱም እናቱም እሷ ነበረች። በዘጠኝ ዓመቱ ከአዲስ አበባ አስመጥታ እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት። ከእሑድ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፣ ቃልም አልወጣትም።»

ስመኝ ወረቀቱን አጠፈችው። አዲስ አበባ ሳለች በፖሊስ ወንጀል ምርመራ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። አሁን ሴንት ፖል ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። በየችሎቱ ቀኝ እጇን አንሥታ የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትተረጉም ትምላለች፤ በሰባት ዓመት ውስጥም አንዲት ቃል አዛብታ አታውቅም። ጉራ ካላት በዚህ ብቻ ነው። የሞሲሳ የመኖሪያ ፈቃድ ገና በእንጥልጥል ላይ መሆኑን ታውቃለች። ይህ ወረቀት እንግሊዝኛ ከሆነ ልጁ አለቀለት ማለት ነው።

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ» አለችው። «እውነት ሆኖ ካገኘሁት እተረጉመዋለሁ።»

«ማጣራት የአስተርጓሚ ሥራ ነው እንዴ?»

«አይደለም። የኔ ግን ነው።»

ሞሲሳን ያገኘችው ስኔሊንግ አቨኒው ጎን ካቆመው ቫን ውስጥ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ያልተኛ ይመስላል፤ እንዲያውም ገና አራት ቀኑ ነው። የጌዲዮን ቦርድ ከኋላ ተጋድሟል። ስመኝ በጣቷ ስትነካው ነጭ ነገር ተጣበቀባት። ስታሸተው ኮኮናት ኮኮናት ይላል።

«ሰም ነው» አላት። «እግር እንዳያንሸራትት ላዩን እንቀባዋለን። ልብስ ከነካ አይለቅም።»

«ቦርዱን የት አገኘኸው?»

«ደረቅ አሸዋ ላይ። ከውሃው ሃያ እርምጃ ይርቃል።»

«ማዕበል ያን ያህል ይወረውረዋል?»

ሞሲሳ አሰበ። «አይወረውርም። አሸዋው እዚያ ድረስ አልራሰም ነበር።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«በጣም በረደኝ፣ ቀድሜው ወጣሁ። ‹አይም ጎይንግ ኢን› አልኩትና...»

«ቆይ፣ ቆይ። ወዴት ነው የምትገባው?»

«ወደ መሬት ነዋ፣ እትዬ። ሰርፍ ላይ ‹ኢን› ከተባለ ወደ ዳር ነው፣ ‹አውት› ወደ ጥልቁ። ገባሁ ካልኩ ከውሃው ወጣሁ ማለቴ ነው።» ትንሽ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «እሱ ‹ቱ ሞር ዌቭስ›፣ ሁለት ማዕበል ብቻ፣ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ። እኔ ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ ቫን ውስጥ ሂተር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሳይረን ስሰማ ነው የወጣሁት።»

«ውሃ ላይ ስትሆኑ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?»

«በእንግሊዝኛ። የኔ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው፣ የሱ አማርኛ ደግሞ ያው የልጅ አማርኛ። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየገለበጠ ነበር የሚያወራው። እንስቅበት ነበር።»

«ገመዱን ራሱ ሊፈታው ይችላል?»

«በዚያ ማዕበል? ኔቨር! ቦርዱ እኮ ሕይወቱ ነው። ለሌላ ሰው ሊሰጠው ካልሆነ አይፈታውም።» ይህን ብሎ ራሱ ወደ ቦርዱ ዞረ። «ግን ሌላ ሰው አልነበረም። ነበረ እንዴ?»

ስመኝ ሰም የነካውን ጣቷን ጠረገች። ልትወርድ በሩን ስትከፍት ሞሲሳ «ለቅሶ ልደርስ ሄጄ በሩን ዘጉብኝ» አለ። «ወንድሜ ነበር፣ እትዬ። ቆሜ እንኳ እንዳልቀብረው ከለከሉኝ።» ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስመኝ በሩን መልሳ ዘጋችና እስኪወጣለት ድረስ አጠገቡ ተቀመጠች።

ዓርብ ዱሉት ላሉት አሮጊት ደወለች። አሮጊቷ ጆሯቸው እንደ ወጣት ነው።

«ድምፁ ከየት ነበር የመጣው?» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

«ከውሃው ነዋ። እኔ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። ጉብታው ዳርቻውን ይከልለኛል፣ ራቅ ያለው ውሃ ግን ይታየኛል። ቦርዱ ላይ ሆኖ እጁን እያውለበለበ ነበር።»

«ልክ በሰሙት መንገድ ይበሉልኝ። ትርጉም አይፈልጉለት።»

አሮጊቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢየ... ገባው... ነው። ሁለት ጊዜ።»

«ፈርቶ ነበር?»

«ኧረ! ደስ ያለው ሰው ነበር የሚመስለው። ስለዚህ ትቼው ወደ ውስጥ ገባሁ። ተመልሼ ስወጣ ጭንቅላቱ ብቻ ያለ ቦርድ ታየኝ፤ ያን ጊዜ ነው ለነፍስ አድን የደወልኩት።»

ስመኝ ስልኩን ዘጋችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፦ እየገባሁ ነው።

አማርኛ ነው። እንግዲህ የተናገረው ሟቹ ራሱ ነው፤ የተናገረው ለሞሲሳም አይደለም። አሸዋው ላይ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው ቆሟል። ጌዲዮን ያን ሰው አይቶ ደስ አለው፤ የሰርፉን እንግሊዝኛ እንደ ልማዱ ገለበጠና ጮኸ። መጣሁ፣ ልወጣ ነው፣ ጠብቁኝ ማለቱ ነበር። ውሃ ዳር ለቆመ ሐበሻ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ወደ ጥልቁ እየገባሁ ነው ማለት ነው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሆዷ ነግሯት ነበር፤ ባይሆን ብላ ጸለየች።

ማዕዶት የምትሠራው ስኔሊንግ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው። ጥቁር ሻሽ አስራ ብርጭቆ ትወለውላለች፤ አንዱኑ ብርጭቆ ደጋግማ።

«እሑድ ቤተ ክርስቲያን ማን ነበር?» አለቻት ስመኝ።

«እኔ መዘምራን ጋ ነበርኩ፣ ጋሽ ቸሩ በር ላይ። ጋብቻችን ለጉባኤው የሚነገርበት ቀን ነበር እኮ! ጌዲ ረስቶት ሄደ። ማዕበል ሲነሣ ስሙንም ይረሳል።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «በጣም ተናድጄበት ነበር፣ እትዬ። የመጨረሻው ነገር ንዴት ሆነ።»

«ሂሩትስ?»

«እሷማ ጠዋት ደውላ ‹አይዞሽ፣ ጆሮውን ይዤ አመጣልሻለሁ› ስትል አሳቀችኝ። ኋላ ግን ራሷን አሟት ቀረች አሉ።»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስመኝ ሪችፊልድ ወደሚገኘው ለቅሶ ቤት ሄደች። ሂሩት ለቀስተኞችን በር ድረስ ትሸኛለች። ውጭው አመዳይ ጥሏል፤ እሷ ስስ ሹራብ ብቻ ለብሳለች።

«ካፖርትሽን ልበሺ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» አለቻት ስመኝ። ሂሩት መሬት መሬት አየች። ስመኝ እጄን ልታጠብ ብላ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ ጥቁር የሱፍ ካፖርት ተሰቅሏል፣ ኪሱ አሸዋ ይዟል። ደረቱ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፎ ደርቋል። አሸተተችው፤ ኮኮናት ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች።

እንግዶቹ ሲሄዱ አራቱ ቀሩ፦ ቸሩ፣ ሂሩት፣ ማዕዶት፣ እንዲሁም ስመኝ በግድ ጎትታ ያስገባችው ሞሲሳ። ቸሩ ሊነሣ ሲል ስመኝ «ቁጭ በል!» አለችው። ድምፁ የድሮው የምርመራ ክፍል ድምፅ ነበር፤ ቸሩም ቁጭ አለ።

«ወረቀትህን አልተረጉመውም። ‹ግባ› ያለ ሰው የለም። አሮጊቷ የሰሙት ‹እየገባሁ ነው› የሚል ነው፣ ከውሃው በጌዲዮን አፍ። ከሞሲሳ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። ስለዚህ በአማርኛ የጮኸው ለሌላ ሰው ነው።»

«ለማን?» አለ ቸሩ።

«እደርስበታለሁ። ገመዱ በእጅ ተፈትቷል ብለሃል፣ ልክ ነህ። ሰርፍ የሚያደርግ ሰው ማዕበል ውስጥ ገመዱን የሚፈታው ቦርዱን ለሌላ ሲሰጥ ብቻ ነው። ያ ሌላ ሰው ድኗል፤ ቦርዱንም ደረቅ አሸዋ ድረስ ጎትቶታል። ቦርዱ ላይ የኮኮናት ሽታ ያለው ሰም አለ። ደረቱን አስደግፎ የተንሳፈፈበት ሰው ልብሱ ላይ ይቀራል፣ አይለቅም።» ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ጠቆመች። «እንደዚያ ያለ ካፖርት ምድር ቤት ተሰቅሏል።»

ማንም ወደ ሂሩት ለማየት አልደፈረም። ሂሩት ከስድስት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋን ቃል ተነፈሰች።

«ጆሮውን ይዤ ላመጣው ነበር።»

«ሂሩቴ!» አለ ቸሩ።

«ሲያየኝ እጁን አውለበለበ። ‹እታለም፣ እየገባሁ ነው! እየገባሁ ነው!› አለኝ። ሊሰምጥ ነው ብዬ ዘልዬ ገባሁ። መዋኘት መች እችላለሁ? ውሃው ጎትቶ ወሰደኝ። እሱ ‹ኖ! ኖ!› እያለ ደረሰብኝ። ገመዱን ፈታ፣ ቦርዱን ደረቴ ላይ አደረገና ገፋኝ፣ ማዕበሉ አሸዋው ላይ ጣለኝ። ዞር ስል የለም። ቦርዱን ጎትቼ አወጣሁት፤ ይፈልገዋል ብዬ። ሲያወጡት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አየሁት። ለኔ ብሎ ሞተ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል...» ወደ ሞሲሳ ዞረች። «አንተን ሲከሱህ ሰምቼ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር አይቶኛል። ይቅር በለኝ።»

ማዕዶት አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ታለቅሳለች። ቸሩ ወረቀቱን አጨማደደው።

ሂሩት አሁን ወደ ስመኝ ነበር የምታየው። «አንድ ነገር ንገሪኝ። አንቺ ቋንቋ ታውቂያለሽ። ‹እየገባሁ ነው› ሲል እየሰመጠ ነበር፣ አይደለም? እኔ ባልገባም ኖሮ...»

ስመኝ ቀጥሎ የምትለው ተዘጋጅቶላት ነበር፦ ወደ ዳር ልወጣ ነው ማለቱ ነበር። ያ ግን ሂሩት በከንቱ ገባች ማለት ነው። ሞሲሳን አየችው። የሞሲሳ ፊት ነጭ ሆኗል፤ ‹እየገባሁ ነው› የሚለውን ሲሰማ ገብቶታል። ስድስት ቀን ነፍሰ ገዳይ የተባለው እሱ ነው፣ በር የተዘጋበት እሱ ነው። ተነሥቶ ሂሩት እግር ሥር በርከክ አለ።

«እየሰመጠ ነበር፣ እትዬ» አላት። «እኔ ስወጣም አቅም አልነበረውም። ባትገቢም አይተርፍም ነበር።»

ሂሩት ግን ዓይኗን ከስመኝ አልነቀለችም። «እውነት ነው? ትርጉሙ እሱ ነው?»

«እሱ ነው» አለች ስመኝ። «ሌላ ትርጉም የለውም።»

ሂሩት የሞሲሳን ራስ ደረቷ ላይ ደግፋ፣ ቀብር ላይ እንኳ ያልወጣላትን ለቅሶ አለቀሰች። «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ትላለች። የትኛውን ወንድሟን እንደምትል አይታወቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስመኝ ሴንት ፖል ችሎት ቆመች። ጸሐፊዋ እንደ ወትሮው ቀኝ እጇን እንድታነሣ ጠየቀቻት። «የምትሰሚውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ በታማኝነት ልትተረጉሚ ትምያለሽ?» ተባለች።

ስመኝ እጇን አነሣች። ቅዳሜ ለሂሩት ‹ሌላ ትርጉም የለውም› ያለችው ትዝ አላት፤ መልሷ ሲዘገይ ዳኛው ቀና ብለው አዩዋት።

«እምላለሁ» አለችና እጇን ከወትሮው ቀድማ አወረደችው።