ዶሜስቲክ ማለት

ጋዜጠኛዋ የመጀመሪያዋን የብስክሌት ውድድር በሬዲዮ ያስተላለፈች ዕለት፣ አንድ ሰው በቀጥታ ስርጭት አዋረደች። ከፊት ካሉት ጋር ሲበር የነበረ ቀጭን ልጅ ድንገት ወደ ኋላ ሲቀር አየችና፣ «አይ! ይሄኛውስ አቅሙ አልቋል፤ ቤቱ ገብቶ ቢተኛ ይሻለዋል!» ብላው አረፈች።

በማግስቱ ልጁ ራሱ የስቱዲዮው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስድብ ልቀምስ ነው ብላ ተዘጋጀች።

«ደክሞኝ አልነበረም» አላት ቀስ ብሎ። «ወደ ኋላ የቀረሁት ውሃ ላመጣ ነው።»

«ለማን?»

«ለመሪያችን። ከቡድኑ መኪና ኮዳ እቀበልና ማሊያዬ ውስጥ ጠቅጥቄ ተመልሼ እደርስበታለሁ። ነፋስም እመክትለታለሁ። ሥራዬ እሱ እንዲያሸንፍ ማድረግ ነው። ዶሜስቲክ ይሉናል።»

«ዶሜ… ምን?»

«ዶሜስቲክ። ፈረንሳዮች ያወጡት ስም ነው፤ የቤት አሽከር እንደማለት ነው አሉ።» ሳቀ። «እኛ ግን ስንጠራበት ደስ ይለናል።»

አሽከር የሚለውን ቃል እንዲህ ደረቱን ነፍቶ የሚናገር ሰው አይታ አታውቅም። ፊቷ እስኪቀላ ይቅርታ ጠየቀችው። ይቅርታው ሻይ ወለደ፣ ሻዩ ሌላ ሻይ። ብዙም ሳይቆይ ድምፁን ሳትሰማ የዋለችበት ቀን ያልነጋ ይመስላት ጀመር።

ጣጣው አባቷ ዘንድ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ምላሳቸው ከመቀሳቸው አይተናነስም። ልጃቸው በሬዲዮ ስትናገር ደንበኛውን ግማሽ ፂሙን እንደተላጨ ትተውት ጆሯቸውን ይቀስራሉ።

«ሰውዬሽ አሸንፎ ያውቃል?» አሏት አንድ ቀን።

«አባዬ፣ ሥራው እኮ ማሸነፍ አይደለም።»

«ማሸነፍ ሥራው ያልሆነ ተወዳዳሪ! ጉድ እኮ ነው!» መቀሳቸውን ቀጭ ቀጭ አደረጉ። «ደንበኞቼ ‹አማችህ ምን ይሠራል?› ሲሉኝ ‹የሰው አሽከር ነው› ልበል? አንዴ፣ አንዴ ብቻ አሸንፎ ይምጣ። ያኔ እጁን ይዘሽ ትገቢያለሽ።»

ይህን ስትነግረው ብስክሌተኛው አልተቀየመም። ከዚያ ሄዶ አሠልጣኙን ለመነ። አሠልጣኙም ስንት ዘመን ሲያገለግል ያዩት ልጅ ነውና፣ «የዓመቱን የመጨረሻ ውድድር ለራስህ ንዳ፤ ማንንም አትጠብቅ» አሉት።

በውድድሩ ቀን እሷ ከአንድ ሞተር ነጂ ጀርባ ተፈናጥጣ፣ ማይኩን ጨብጣ ትከተላለች። ዳገቱ ሲያልቅ ከፊት የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ የቡድኑ መሪ፣ አንድ ባላንጣና እሱ። ከሦስቱ ገና ትኩስ ጉልበት ያለው እሱ ነበር፤ ፔዳሉን ሲረግጥ ያስታውቃል። ከተማው ከሩቅ ታየ። ልቧ እንደ ሞተሩ ይመታ ጀመር።

የመሪው ጎማ ተነፈሰ።

የቡድኑ መኪና ዳገቱ ላይ ርቆ ቀርቷል። ባላንጣው ዞር ብሎ አየና ፈረጠጠ። እሱም መፈርጠጥ ይችል ነበር፤ ተፈቅዶለታል፣ ማንም አይወቅሰውም። ፍሬን ያዘ። ወረደና የገዛ ጎማውን ነቀለ፣ ለመሪው ገጠመለት፣ ጀርባውን ገፍቶ ላከው። ከዚያ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌቱን እንደያዘ ቀና ሲል ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

በጆሮዋ በተሰካው ማዳመጫ ከስቱዲዮ «ተናገሪ እንጂ!» ይሏታል። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር፣ ቀጥሎ እንባ። ከሁለቱም በላይ ግን ኩራት ደረቷን ሞላው።

«አድማጮቼ» አለች፣ «አንድ ሰው አሁን ሊያሸንፍ የሚችለውን ውድድር ትቶ ጎማውን ለጓደኛው ሰጠ። እንዲህ ያለው ሰው ዶሜስቲክ ይባላል። ትርጉሙን ብትጠይቁ አሽከር ነው ይሏችኋል፤ አትስሟቸው! ዶሜስቲክ ማለት ነፋሱን በደረቱ ተቀብሎ ሌላውን ከኋላው የሚያስጠልል ሰው ነው። አሸናፊ ሲሸለም እሱን የሚያይ የለም፤ ያለ እሱ ግን የሚሸለም አይኖርም። እኔ ይህን ሰው ላገባው ነው። አባዬ፣ እየሰማኸኝ እንደሆነ አውቃለሁ።»

ሞተር ነጂው ደንግጦ ቦይ ውስጥ ሊከታት ነበር።

መሪው ባላንጣውን መጨረሻው መስመር ላይ ደርሶበት ቀደመው። ብስክሌተኛው የቡድኑ መኪና መጥቶ ጎማ እስኪሰጠው ቆሞ፣ ከሁሉም በኋላ ገባ።

አመሻሹ ላይ ተያይዘው ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዱ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሲገቡ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። አባቷ መቀሱን አስቀመጡና ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«መጨረሻ፣ አባባ።»

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ያቺን ቃል እስቲ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አሉ። «ከቀትር ጀምሮ ሁሉም አማችህ ምን ይሠራል እያሉ ይጠይቁኛል፤ ትርጉሙን አሳምሬ እነግራቸዋለሁ፣ ስሙ ነው አፌ ላይ አልያዝ ያለኝ።»