የባሱንዳው ያዕቁብ ዘር

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ የሱዳኗ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ እንደ ወትሮው ጭነት መኪናና ሪክሻ ሲጋፋበት ይውል ነበር፤ ሰው ግን እርስ በርሱ መተማመን ትቶ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ተነሥቶ ስደተኛው በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፍሯል፤ በድንበሩ በፈሸጋ መሬት የሱዳንና የኢትዮጵያ መንግሥታት ተፋጥጠዋል፤ በዚህም የተነሣ በድንበር ወረዳዎች እርሻ ያለው ሁሉ መሬቱ ከማን እንደ ወረደለት ለአጣሪ ጉባኤ ቀርቦ እንዲያስረዳ ታዝዟል። የውጭ አገር ደም አለበት የተባለ ሁሉ በጎሪጥ ይታይ ነበር።

ከተጠሩት አንዷ ነጋዴዋ ሐጃ ባሕሪያ ነበሩ። አባታቸው ከጎንደር የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ከድንበሩ አጠገብ በባሱንዳ ያለው ሰፊ የሰሊጥ መሬት ግን የወረደላቸው በእናታቸው በኩል፣ ያዕቁብ ከሚባል ቅድመ አያት ነው። ያዕቁብ የአገሬው ተወላጅ ነበር ብለው ለጉባኤው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ይህ እውነት አለመሆኑን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት አልነበረም።

በዚህ መካከል አንዲት ኸዋጃ፣ ማለት ፈረንጅ፣ ደጃቸው መጣች። በኡም ራኩባ ለስደተኞች ውኃ የሚያቀርብ ድርጅት ባልደረባ የሆነች አሜሪካዊት ናት፤ አስተርጓሚዋ ሁዜይፋ የሚባል የገዳሪፍ ተወላጅ ነው፤ የሁዜይፋ አጎት ደግሞ ከአጣሪዎቹ አንዱ ናቸው። ሐጃ ባሕሪያ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ ጠረጠሩ።

«ሐጃ፣ ይችን ሴት የዘር ነገር ይዟት ነው ያመጣኋት» አለ ሁዜይፋ። «አባቶቿ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ተሻግረው፣ አሜሪካ በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ሳለች፣ ቨርጂኒያ በሚሉት ምድር ትንባሆ እየተከሉ የኖሩ ናቸው። ወላሂ፣ የሁሉንም ልደትና ሞት ታውቃለች። አንድ ሰው ብቻ ጠፍቶባታል።»

የጠፋው ሰው በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸናፊዎቹ ወገን ተዋግቶ፣ ኋላ ለግብፁ ገዥ ለከዲቭ በመኮንንነት አድሮ፣ እስከ ድንበሩ ከተማ እስከ ገላባት ዘልቋል፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል የቆየ እርሻ ያላቸውን ቤተሰቦች እየዞረች ትጠይቃለች።

የሐጃ ባሕሪያ ፊት አልተለወጠም፤ ልባቸው ግን ደነገጠ። ያዕቁብ በዚያ አገር ቱርክ ከሚባለው ከግብፅ ጦር ጋር መጥቶ፣ በደርቡሽ ዘመን ሰልሞ መትረፉን፣ በባሱንዳ ትንባሆ መትከሉን፣ ግራ እጁም ጎዶሎ እንደ ነበረ እናታቸው ነግረዋቸዋል።

«ለምን ፈለገችው?» አሉ።

«ለማወቅ ብቻ ነው ትላለች።»

«ይኸን ሁሉ ባሕር ተሻግራ፣ ለማወቅ ብቻ?»

በዚያ አገር ሰው አያት ቅድመ አያት የሚቆጥረው ለጋብቻ ወይም ለርስት ነው፤ ይህች ደግሞ ልጅ ልታጭ አልመጣችም።

ኸዋጃዋ ከቦርሳዋ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ጧት እህል ሳይቀምሱ ምራቃቸውን ቢተፉበት፣ በአገሯ ያሉ ባለሙያዎች መርምረው ዝምድና መኖር አለመኖሩን እንደሚለዩ በሁዜይፋ በኩል አስረዳች።

«ምራቄን? ለድግምት ነው ወይስ ለሑኩማ፣ ለመንግሥት?»

ሁዜይፋ ሳቀ። «ካልፈለጉ መዓሌሽ፣ ይቅር ሐጃ።»

ይቅር ማለቱ ይበልጥ አስፈራቸው። እምቢ ቢሉ ወሬው አጎትየው ጆሮ ይደርስና የሚደብቁት ነገር አላቸው ይባላል፤ ቢተፉበት ደግሞ መሬቱን ያቀናው ባዕድ መሆኑ ይወጣና የልጆቻቸው መተዳደሪያ ይወሰዳል።

«ነገ ጧት መጥተህ ውሰደው» አሉ።

በማግስቱ በማለዳ፣ ከኡም ራኩባ መጥታ በግቢያቸው ሰሊጥ የምታበጥረውን ወርቂን ጠሩ።

«ወርቂዬ፣ እስቲ እዚህ ውስጥ ትፊልኝ።»

«ለምንድን ነው እትዬ?»

«ለመድኃኒት ነው።»

ወርቂ ብልቃጡንም እሳቸውንም አየች። የተሰደደ ሰው ብዙ እንደማይጠይቅ ሐጃ ባሕሪያ ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸውንም ተጠቀሙበት። ተፋችላቸው።

ክረምቱ ሲገባ መልሱ መጣ፤ ዝምድና የለም ተባለ። ሁዜይፋ ለአጎቱ ሳያወራ አልቀረም፤ ጉባኤውም ብዙ ሳይቆይ መሬቱን ለሐጃ ባሕሪያ አጸናላቸው።

ኸዋጃዋ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ለስንብት መጣች። «በከንቱ አደከምኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች በሁዜይፋ አንደበት። «እንግዲህ ያለ ዘር ሞተ ብዬ እጽፋለሁ። እናቱ ግን እስክትሞት ድረስ ከማዕድ ቦታውን አላነሣችበትም ነበር።»

የእናቱ ነገር መነሣቱ ሐጃ ባሕሪያን ወጋቸው። በእነርሱ ልማድ ሙስሊም ሲቀበር ሼኹ ከመቃብሩ ራስጌ ሆኖ ሟቹን በእናቱ ስም ይጠራዋል፤ የእናቱ ስም ያልታወቀ የሐዋ፣ ማለት የሔዋን፣ ልጅ ይባላል። ያዕቁብ ስለ ወገኖቹ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስለ ሞተ፣ የሐዋ ልጅ ተብሎ ተቀበረ። ሴት ልጁ በዚህ ስታዝን ኖራ አለፈች፤ የባሕሪያም እናት፣ ከአገሩ ሰው የመጣ እንደሆነ የእናቱን ስም ጠይቂልን ብለው አደራ ጥለውባቸው ነበር።

ሐጃ ባሕሪያ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። ሁዜይፋ ቀና ብሎ አያቸው።

«አላህ በሰላም ያግባሽ በላት» አሉ።

ሴትየዋ ሄደች። ሐጃ ባሕሪያ ያን ዕለት ተቀምጠው አለቀሱ፤ ልጆቻቸው ቢጠይቋቸውም ምክንያቱን አልነገሩም።

ታሪክ የነገሩትን ይይዛል፤ የደበቁትን ከየት ያመጣዋል? ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጀምሮ በሚወርደው በዚያ ረጅም የዘር ሐረግ ይህ ሰው ልጅ ሳይወልድ የቀረ ሆኖ ተጽፏል፤ ዘሮቹ ግን ዛሬም በገዳሪፍ ሰሊጥ ይሸጣሉ። በባሱንዳ፣ ከእርሻው ዳር የተቀበረው ያዕቁብም እስካሁን የሐዋ ልጅ ነው።