የአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያው መልስ

የፍሬሰንበት አስከሬን የተገኘው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከአልዌሮ ግድብ ወደ ሩዝ እርሻው በሚወርደው ቦይ ውስጥ፣ ቅጠልና ግንድ የሚያግደው የብረት ወንፊት ይዞት ነበር። ያገኘው የቦዩን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋው ዊዩዋል ነው።

ኢንስፔክተር ኛሙዎች ከጋምቤላ ከተማ ስትደርስ አስከሬኑ ወጥቶ በሸራ ተሸፍኗል። ሸራውን ገልጣ ማጅራቱ ላይ ያለውን ቁስል አየች። ቁስሉ ቀጥ ያለና ጠባብ ነበር፤ ድንጋይ እንዲህ አያቆስልም።

«የበሩ መዘወሪያ ብረት የት ነው የሚቀመጠው?» አለችው ዊዩዋልን።

«ከላይኛው በር ድልድይ ላይ። ዛሬ ጠዋት ግን ሣር ውስጥ ነው ያገኘሁት። እኔ እዚያ አልጣልኩም።»

«ፍሬሰንበትን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ስምንት ሰዓት ተኩል። ደብተር ይዞ ውሃ ሊለካ ወደ ድልድዩ ሄደ። እኔ ወደ ታችኛው በር ወረድኩ። ከዚያ አላየሁትም።»

ፍሬሰንበት የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ እስከ ዛሬም የሚያርሱ ናቸው። እሱ በእርሻው ቢሮ የቦዩን የውሃ ከፍታ በየሦስት ሰዓቱ እየለካ ኤክሴል ላይ ይመዘግባል። ስሙን ያስጠራው ግን ቴሌግራም ነው። «ኤክሴል እንጠያየቅ» በሚባል ቡድን ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ሰው ይከተለዋል፤ ሠንጠረዥ አልታዘዝ ያለው ሁሉ እሱን ይጠራል።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ወንዳፈረው የራሱን ስልክ ለኢንስፔክተሯ ዘረጋላት። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ይዩት፣ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ለአንድ ጠያቂ መልስ ሰጥቷል። የሞተው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው።»

«በዚያ ሰዓት እርሻው ላይ ማን ማን ነበር?»

«ዊዩዋል፣ የፓምፕ ሠራተኛው ፈይሰልና ሚስቱ ነሲባ። እኔ በአሥር ሰዓቱ መኪና ጋምቤላ ገብቻለሁ። ኢድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ይጠይቁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈይሰልን ግን አጥብቀው ይያዙት። ሳምንቱን ሙሉ ሲዝትበት ነበር።»

ፈይሰል አልካደም።

«ዝቼበታለሁ» አለ። «ሚስቴ የምትጽፍለትን አንብቤያለሁ። ‹ወንድም ፍሬ፣ እንደምን ዋልክ? ጊዜህን ስለምሻማብህ ይቅርታ። አላህ ይስጥልኝ።› እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም!»

ነሲባ የእርሻው ዘር መጋዘን ጸሐፊ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«የቡድኑ ሕግ ነው እኮ» አለች። «ያወጣውም እሱ ነው። መጀመሪያ ሰላም ትያለሽ። የምትፈልጊውን፣ የሞከርሽውን፣ የመጣብሽን ስህተት ትጽፊያለሽ። ሲሳካልሽ ተመልሰሽ ታመሰግኛለሽ። ዘጠኝ ሺህ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፍለት። ባሌ ግን የኔን ብቻ አነበበ።»

«እሱስ እንዴት ነበር የሚመልሰው?»

«ስም ጠርቶ፣ ሰላም ብሎ።»

«የትናንቱ መልስ ሰላምታ የለውም።»

ነሲባ ቀና አለች። «እኔም አይቼ ገርሞኛል። ምናልባት አሞታል ብዬ ነበር።»

«የሚጽፈው በስልኩ ብቻ ነው?»

«አዎ። ባለፈው ወር ሲበላሽበት ግን በኔም በጋሽ ወንዳፈረውም ላፕቶፕ ላይ ቴሌግራሙን ከፍቶ ሰንብቷል።»

ስልኩ ከሟቹ ኪስ ውሃ ጠጥቶ ወጥቷል። ኛሙዎች ወደ ቢሮው ገብታ የሟቹን ኮምፒውተር አስከፈተች። የሦስት ሰዓትና የስድስት ሰዓት ልኬቶች ተሞልተዋል፤ የመጨረሻው 2.45 ይላል። የዘጠኝ ሰዓቱ ሣጥን ባዶ ነው። ወደ ኋላ ሄዳ ሁለት ዓመት ብታይ አንድም ባዶ ሣጥን አላገኘችም።

የነሲባን ላፕቶፕም አየች፤ የሟቹ ቴሌግራም አሁንም አልተዘጋም። ከዚያ ወንዳፈረው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች። የሱ ላፕቶፕ ቁልፎች ላይ እንግዳ ፊደሎች አሉ።

«ወንድሜ ከጀርመን የላከልኝ ነው» አለ።

ማያው ላይ ያው የውሃ ልኬት ተከፍቷል፤ 2,45 ይላል። ኛሙዎች ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቡድኑን የከፈተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ፍሬሰንበትን ኤክሴል ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ‹ጋሼ፣ ካላስቸገርኩ› እያለ ነበር የሚጠይቀኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ ቡድኑን ወደ ኋላ አገላበጠች። ወንዳፈረው ረጅም መልስ በሰጠበት ሁሉ ከሥሩ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ «እናመሰግናለን ጋሼ። ፍሬ እስኪመጣ ግን እንጠብቅ።» ከዚያ የፍሬሰንበትን የቆዩ መልሶች ከትናንቱ ጋር አስተያየች። ስለ ቀመር ብዙ አታውቅም፤ ግን አንድ ምልክት ተለውጦባታል። ስለዚህ እሷም እንደ ሕጉ ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለኤክሴል አዲስ ነኝ። በአንዱ ቀመር ክፍሎቹ በኮማ ተለይተዋል፣ በሌላው በሴሚኮለን። ሁለቱንም ሞከርኩ፤ እኔ ጋ የሠራው የኮማው ብቻ ነው። ምክንያቱን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።»

ሩዋይ የሚባል የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ መዝጋቢ በአሥር ደቂቃ መለሰላት። ካነበበች በኋላ አመስግናው ለኢድሪስ ደወለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ማራገቢያው ወረቀት ያንቀሳቅሳል እንጂ አያበርድም።

«ፍሬሰንበት የዘጠኝ ሰዓቱን ውሃ ሊለካ ሄደ፣ ግን አልመዘገበም» አለች። «ሁለት ዓመት አንድ ልኬት ያልዘለለ ሰው፣ የራሱን ሥራ ትቶ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የሌላ ሰው ጥያቄ ይመልሳል? ሰላም እንኳ ሳይል? አይመልስም። ከድልድዩ አልተመለሰም። መልሱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።»

ፈይሰል ሚስቱን አየ። ነሲባ መሬት መሬት ታያለች።

«የሱ ቴሌግራም በሁለት ላፕቶፖች ላይ ተከፍቶ ነበር፤ በነሲባና በአቶ ወንዳፈረው። ፈይሰልም የሚስቱን መክፈት ይችላል። ስለዚህ ቀመሩን አየሁት። እዚህ ያሉት ኮምፒውተሮች ቀመር ሲጽፉ በኮማ ይለያሉ፤ ፍሬሰንበትም ሁሌ እንዲሁ ነው የሚጽፈው። በጀርመን አቀማመጥ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ግን በቁጥር ውስጥ በነጥብ ፈንታ ኮማ ይጠቀማል፤ ቀመሩን በሴሚኮለን ይለያል። የትናንቱ መልስ በሴሚኮለን ነው። የጻፈው ሰው መጀመሪያ በራሱ ማሽን ሞክሮ፣ ሲሠራለት ገልብጦ ለጠፈው።» ወደ ወንዳፈረው ዞረች። «ሁለት ኮማ አርባ አምስት የሚያሳየው የርስዎ ብቻ ነው። ኢድሪስም መስክሯል፤ በረንዳው ላይ ነበሩ፣ ላፕቶፕዎን ከፍተው ሲጽፉ ሻይዎ ቀዘቀዘ።»

ወንዳፈረው ላፕቶፑን ከደነ። ከዚያ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

«ድልድዩ ላይ ደረስኩበት። ‹ጋሼ፣ ትናንት የሰጡት መልስ ላይ ትንሽ ስህተት ነበረች። ቡድኑ ላይ አስተካክያታለሁ፤ እንዳይከፋዎት› አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር! ተሳድቤ እወጣ ነበር። ዘጠኝ ሺህ ሰው ፊት አርሞኝ፣ ደግሞ እንዳይከፋኝ ይለምነኛል። ዞሮ ውሃውን ማየት ጀመረ። ብረቱ አጠገቤ ነበር።» በጣቱ ስልኩን ጠቆመ። «እኔ የከፈትኩት ቤት ነው። አንድ ሰው እንኳ ‹ጋሽ ወንዳፈረው› ብሎ የሚጠይቀኝ ጠፋ።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ዊዩዋል በሩን ከፍቶላቸው ፊቱን አዞረ።

ውጭ የጭነት መኪናው ሬሳውን ወደ ወላጆቹ ሰፈር ሊወስድ ሞተሩን አስነስቷል። ፈይሰል ከሚስቱ ኋላ ኋላ ሄደ።

«ነሲባ፣ ይቅር በይኝ። ተሳስቼ ነበር። ቤት እንግባ።»

ነሲባ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«ጠዋት ‹ዝቼበታለሁ› ስትል እዚህ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው አልገረመውም» አለችው። «እኔም አልገረመኝም፣ ፈይሰል። ሌሊቱን አጠገብህ ተኝቼ አድሬ፣ ጠዋት ገዳዩ አንተ ትሆናለህ ብዬ አምኜ ነበር።»

እሷ የመኪናውን ጎን ይዛ ወጣች፤ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠች፤ መኪናው ወደ ሰፈሩ የሚወስደውን የአቦቦን መንገድ ሲይዝ ወደ ኋላ አላየችም።