«ንጹሕ» የተባለው ላባ

ጉማሬው ከጀልባዋ ሥር ብድግ ሲል ጀልባዋ ተንገዳግዳ ቄጠማው ውስጥ ተሰነቀረች። ዓሣ አጥማጁ መቅዘፊያውን ጭቃው ላይ ተክሎ ገፋት። የእህቱ ልጅ፣ ኬሚስቷ፣ መመርመሪያ መሣሪያዋን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች።

«አለሽ?»

«አለሁ አጎቴ! እርስዎ ብቻ ይቅዘፉ!»

ሁለት ቀን ነፋስ ሲያላጋቸው ሰንብቶ አሁን ደግሞ ይሄ። መመለስ ግን አይታሰብም። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጁ ሆዷን እየቆረጣት እግሯ ከድቷታል፤ ሐኪሙም ደሟ ውስጥ እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት አግኝቷል። ከየት እንደሚገባ ካልታወቀ ልጅቷ አትተርፍም። ለዓሣ አጥማጁ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው፦ ጥፋተኛው የላይኛው ሐይቅ ዳር ያለውና ቆሻሻው ወደ ውሃቸው የሚወርደው የማዕድን ማውጫ ነው። ምስክሩ ደግሞ የዳክዬ ላባ። ላባ ሲያድግ ወፏ ከጠጣችው ውሃ እርሳሱን ይወስዳል፣ አድጎ ሲጨርስም ያንኑ ይዞ ይቀራል። የዱር ዳክዬዎቹ ላባ የሚቀይሩት እዚያው ሐይቅ ላይ ነው።

ዳርቻው ላይ ላባ ሲለቅሙ የማውጫው ጠባቂ ጠመንጃውን ደግኖ መጣ።

«ምን ትሰርቃላችሁ?»

«ላባ!» አለ ዓሣ አጥማጁ፤ በመቅዘፊያው አፈሙዙን ወደ ላይ መታው። ጥይቱ ሰማይ ላይ ጮኸ። እነሱ እየተደነቃቀፉ ጀልባዋ ላይ ወጡ።

ራቅ ካሉ በኋላ ኬሚስቷ ላባዎቹን አንድ በአንድ መረመረች።

«እርሳስ የለም።»

«እንዴት አይኖርም? ድገሚው!»

ደገመችው። የለም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን ብላ ለማነጻጸሪያ ያመጡትን ላባ አወጣች። ቤተሰቡ ከሚጠጣው የግቢ ምንጭ ርቀው የማያውቁት የቤት ዳክዬዎች ላባ ነው፤ ፖስታው ላይ አጎቷ በገዛ እጁ «ንጹሕ» ብሎ ጽፎበታል። መሣሪያው ላይ የእርሳሱ ቁጥር ሽቅብ ተተኮሰ። ሌላም ሞከረች፤ ባሰ። ዓይኗ ጀልባዋ ውስጥ ባለው መረብ ጠርዝ ላይ በተደረደሩት የእርሳስ ማስጠሚያዎች ላይ አረፈ።

«አጎቴ፣ ይሄን እርሳስ ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ከአሮጌ የመኪና ባትሪ። ራሴ አቀልጠዋለሁ።»

«የት?»

«ምንጩ ዳር። ቶሎ እንዲቀዘቅዝልኝ ውሃው ውስጥ እነክረ...» ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስንወጣ ልጅቷን ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ?» አለ። «‹ብዙ ውሃ ጠጪ፣ ያጥብልሻል› ብያታለሁ።»

የሁለት ቀኑን መንገድ በአንድ ቀን ቀዘፈው፤ መዳፉ ተልጦ ደማ። ጀልባዋ ዳር ሳትነካ ዘሎ ወረደና ግቢው ውስጥ ገባ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ኩባያውን ወደ አፏ ታስጠጋለች። ከእጇ መትቶ ጣለው።

«አያቴ፣ ምን አጠፋሁ?» ብላ አለቀሰች።

በሕይወቱ ጥፋቱን አምኖ የማያውቀው ሰው ተንበርክኮ አቀፋት።

«አንቺ አይደለሽም ልጄ» አላት። «እኔ ነኝ።»