የጠፋችው «ድ»

«ምን አለ? ምን አለ?»

አስጎብኚው አፉን ሳይዘጋ፣ አውቶቡሱም ገና ሳይቆም ሃያ ሁለት ሰው በአንድ አፍ ጠየቃት።

መዝገቤ ማይክሮፎኑን ጨብጣ ከሹፌሩ ጀርባ ቆማለች። ቆማለች ለማለት ያህል ነው እንጂ ግማሽ ልቧ እንቅልፍ ላይ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ነጫጭ ኮረብቶችና የደረቁ ሸለቆዎች በመስኮቱ ሲያልፉ፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳዎች ላይ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ የትም አይታቸው የማታውቃቸው የከተማ ስሞች ከነኪሎ ሜትራቸው ተጽፈው ስታይ ቆይታለች። ነቢያት የተመላለሱበት አገር የነዳጅ ማደያ ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም። ስድስት ቀን ሙሉ ሳትጠራ የሰው ሕልም ውስጥ የገባች ያህል ነበር የሚሰማት።

«መዝገቤ» ስሟ አይደለም። «መዝገበ ቃላት» ብለው የሰየሟት ተጓዦቹ ናቸው፤ ሲረዝምባቸው አሳጠሩት። አስተርጓሚ የመሆኗ ጥፋት የአባቷ ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ካላወራ መቀሱ አይቆርጥለትም። ለጉዞው የተቀጠረው አስተርጓሚ ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ታሞ ሲተኛና ሰው ሁሉ ሲጨነቅ፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ፣ «ልጄ እያለች? እንግሊዝኛን እኮ እንደ ውሃ ነው የጠጣችው!» አለ። መዝገቤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈተና ላይ ጥሩ ታመጣለች። ፈተና ግን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ማስቲካ እያኘከ፣ ትንፋሽ ሳይሰበስብ አያወራም።

አስጎብኚው እንዲያ ነበር የሚያወራው። ስለዚህ ያልገባትን ቦታ ከሰንበት ትምህርት በምታስታውሰው ትሞላዋለች። እስካሁን አልተነቃባትም። ጌታ ማዕበሉን በገሠጸበት ሐይቅ ዳር ሰውየው ስለ ጀልባ ሞተር የተናገረውን ስለ ማዕበሉ አድርጋው፣ ሁለት አሮጊቶች እንባቸውን ሲጠርጉ አይታለች። «አልገባኝም» ማለት ነበረባት። በአባቷ ፊት? ሼም ነው በቃ።

አሁንም አስጎብኚው ወደ ኋላ ዞሮ ሲናገር የአውቶቡሱ ፍሬን ሲጢጥ አለ። ከጩኸቱ መሃል «ጃኮብስ ዌል» የምትለው ደረሰቻት። የያዕቆብ ጉድጓድ። ቀጥሎ «ክሎዝ»። ቅርብ ማለት ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማረችው። መጨረሻ ላይ «ላንች»። ምሳ። ቀና ስትል ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ክብ የድንጋይ አፍ ያለው ጉድጓድ ታያት። ከዚህ በላይ ምን ቅርብ አለ?

«የያዕቆብ ጉድጓድ ደርሰናል» አለች በማይክሮፎኑ። «ጌታችን በእኩለ ቀን ደክሞት ያረፈበት፣ ሳምራዊቷን ሴት ውሃ የለመናት እዚህ ነው። ምሳ ከዚያ በኋላ።»

አስጎብኚው ምሳውን ሊያሰናዳ ወደ ማዕድ ቤቱ ቀደማቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ።

ሰዓቱ ልክ እኩለ ቀን ነበር፤ ይህ ደግሞ የሁሉንም ልብ ሰረቀው። የዛፉ ቅጠሎች ብርሃኑን እየበጣጠሱ በሰዎቹ ትከሻ ላይ ያንጠባጥቡታል። የሆነ ቦታ ንብ ጥዝ ይላል። አንዷ ጫማዋን አወለቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ባልዲው ወርዶ ውሃውን ሲነካ ከሩቅ የመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። መዝገቤ ራሷ ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ብረት ብረት ይላል። ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር ስትል አሰበች።

ከዚያ አረንጓዴ የፕላስቲክ የውሃ ጎማ አየች። ከጉድጓዱ አፍ ወጥቶ፣ በሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ ወደ ቲማቲም መደብ ይሄዳል። መደቡ ውስጥ የምግብ ቤቱ ባለቤት መኮትኮቻውን እንደያዘ ቆሞ፣ ባዶ እግራቸውን የተንበረከኩትን ሃያ ሁለት ሰዎች አፉን ከፍቶ ያያቸዋል።

«ጎማው ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ከተጓዦቹ አንዱ።

«ዘመኑ ነዋ!» አለ አባቷ። እጅጌውን ጠቅልሎ አራተኛ ጠርሙሱን እየሞላ ነበር። «ያዕቆብም ቢሆን ጎማ ቢያገኝ ባልዲ ይጎትት ነበር እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። መዝገቤ ግን ጎማውን እስከ ቲማቲሙ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ከአስጎብኚው ንግግር የሰማችው ሦስት ቃል ብቻ እንደሆነ ትዝ አላት።

«ልጄ» የሚል ድምፅ ከጎኗ ሰማች። «ቅጂልኝ፤ ባልዲው ይከብደኛል።»

ከተጓዦቹ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። በስድስት ቀን ውስጥ ከስድስት ቃል በላይ ያልወጣት ሴት ናት፤ ሜትሯን እንኳ ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ ነው የተሳፈረችው። መዝገቤ ቀዳችላት። ሴትየዋ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፤ ጠጥታ ጨረሰች፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ማንም ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች።

«ከእህቴ ጋር ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። የእናታችንን የስፌት መኪና ወስጄባት ነው። እሷ ተኝታ ሳለ በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩት። እሷም ሰፊ ነበረች እኮ! በሱ ነበር የምትተዳደረው።» ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «ያቺም ሴት እዚህ ጉድጓድ ላይ ነው ጉዷ የተነገራት አይደል? እኔም እዚሁ ልናገር። ማታ እደውልላታለሁ።»

ማንም አልፈረደባትም። አንዷ እጇን ያዘቻት። መዝገቤ ባዶውን ጽዋ እንደያዘች ቀረች።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም እንቅልፍ ጣለው። ኮረብታው፣ ሰማዩ፣ የወይራው ዛፍ ሁሉ የማር ቀለም ነበረው። መዝገቤ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ በሰመመን መሃል እውነተኛውን ጉድጓድ አየችው። በጣም ጥልቅ ነው። ከታች አንድ ሰው ይጠራታል፤ የሚለው ግን አይሰማትም። ጎንበስ ብላ «ምን አልክ?» ልትል ስትል አውቶቡሱ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አስጎብኚው ደረጃው ላይ አገኛት። ለብቻዋ ሲያናግራት ቀስ ብሎ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ሁሉንም ትሰማዋለች።

«እናንተ ሰዎች ውሃ አክባሪ ናችሁ» አለ። «ለጓሮ ውሃ እንዲያ ሲጸልይ ያየሁት ሰው የለም። ባለቤቱ እስከ አሁን ግራ ገብቶታል። ለማንኛውም ስለ ያዕቆብ ጉድጓድ ይቅርታ። በጥገና ምክንያት ዝግ ነው ብዬ ነግሬሽ ነበር። አሁን ደወሉልኝ፤ ነገ ጠዋት ይከፈታል። አውሮፕላናችሁ ከሰዓት በኋላ ነው። ለነገ ጠዋት የያዝነውን ገበያ ከተዋችሁት በዚያ በኩል አልፈን መድረስ እንችላለን። ሰዎቹን ጠይቂና ከመነሳታችን በፊት ንገሪኝ።»

ክሎዝድ። ዝግ። ቅርብ አይደለም፣ ዝግ ነው! «ድ»ዋን የአውቶቡሱ ፍሬን በልቷት ነበር። መዝገቤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «እሺ» አለችና ደረጃውን ወጣች፤ ስንት ፎቅ እንደወጣች እንኳ አላወቀችም።

ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ነው ያስፈራት። ጠዋት አስጎብኚውን «ገበያውን መርጠዋል» ብትለው ማንም አያውቅም። ሁሉም ደስ ብሎት ይገባል። አባቷ ጠርሙሶቹን ሱቁ መስታወት ሥር ይደረድራል። ልብስ ሰፊዋ እህቷን ታገኛለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ያ እኩለ ቀን፣ ያ ብርሃን፣ ያ ልቅሶ የቲማቲም ውሃ ሆኖ ይቀራል። ግን እኮ እነዚህ ሰዎች ዓመታት አጠራቅመው ነው የመጡት። ከእውነተኛው ጉድጓድ አጠገብ እንዲያልፉ የምታደርጋቸው እሷ ልትሆን ነው። ተገላበጠች፤ ትራሱን ገለበጠች፤ ሲደክማት እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት አባቷ የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥቶ የሹፌሩን ማጅራት ይከረክማል። መቀሱም አፉም እኩል ይሄዳሉ። «እጄን ስነክረው እኮ አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ!» ይላል። ሹፌሩ ቋንቋውን ባይሰማም ራሱን ይነቀንቃል፤ አባቷ ደግሞ «አትነቅንቅ!» ይለዋል። ጠርሙሶቹ አጠገቡ ተሰልፈዋል፤ በወፍራም እስክሪብቶ «ያዕቆብ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።

መዝገቤ አለፈችው። ልብስ ሰፊዋ ቁርስ ቤቱ ጥግ ብቻዋን ተቀምጣ እንቁላል ትልጣለች። ፊቷ በአንድ ቀን የሌላ ሰው ፊት ሆኗል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ተቀመጪ። እኔም ልነግርሽ ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳችው! ሰባት ዓመት ሙሉ ስልኩን እጇ ላይ ይዛ የጠበቀች ነው የመሰለኝ። እስኪበቃን አለቀስን።»

መዝገቤ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ተነሥታ ልትሄድ ፈለገች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም አንድ ላይ አወጣችው፤ ፍሬኑን፣ «ክሎዝ»ን፣ «ክሎዝድ»ን፣ ገበያውን።

ልብስ ሰፊዋ እንቁላሉን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ እኔ የጠጣሁት ምንድን ነው?»

«የቲማቲም ማጠጫ ውሃ።»

ሴትየዋ እጇን አነሳች። ጣቶቿ አንገቷ ላይ ሜትሩን ሲፈልጉ ቆዩ፤ ዛሬ አልነበረም።

«እሱ ካልሆነ ያስደወለኝ ምንድን ነው?»

መዝገቤ አፏን ከፈተች። ስድስት ቀን ሙሉ ባዶ ቦታ ስትሞላ የከረመች ልጅ ናት፤ ይህንንም በአንድ ጥቅስ መሙላት ትችል ነበር።

«አላውቅም» አለች።

«ለአባትሽ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም። ከሁሉም በላይ የሚጎድልብዎት እርስዎ ነዎት ብዬ ነው መጀመሪያ የመጣሁት።»

ልብስ ሰፊዋ ልብስ ሊለካ እንደመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ተናድጄብሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ይሄን እወቂው። ሁለት ሦስት ሰዓት አታናግሪኝ። እህቴ ግን ከጉድጓድ ተቀድታ አልመጣችም፤ ስልኩን ከቤቷ ነው ያነሳችው።» እንቁላሉን አንሥታ ለሁለት ከፈለችውና ግማሹን ወደ መዝገቤ ገፋችው። «ብይና ሂጂ። እውነተኛውን ማየት እፈልጋለሁ።»

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሰዎቹ ስለ ገበያው ያወራሉ፤ ማን ምን እንደሚገዛ፣ ለማን እንደሚገዛ። ልብስ ሰፊዋ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። አስጎብኚው ቅንድቡን ወደ መዝገቤ አነሳ፤ ግራ ወይስ ቀኝ? «ገበያ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። አንዲት አጭር ቃል ናት፤ እንዲህ ቀላል ነገር ተርጉማ አታውቅም።

ፊቷን ከአስጎብኚው ወደ ተጓዦቹ አዞረች። ማይክሮፎኑን ከመስቀያው አነሳች።

አባቷ የፊተኛው ወንበር ላይ ነው። ጠርሙሶቹን ጭኑ ላይ በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፏቸዋል። ስትነሣ ሲያያት ፊቱ በራና ወደ ኋላ ዞረ።

«ፀጥ በሉ እስቲ! ልጄ ልታስተረጉም ነው።»

ፀጥ አሉ። መዝገቤ በነፃ እጇ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

«ዛሬ የማስተረጉመው የለኝም» አለች። «የራሴን ነው የምናገረው።»

አባቷ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነበር። መዝገቤ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል ከትናንቱ እኩለ ቀን ጀመረች።